ከካኩማ እስከ ካስቴዮን፦ የአወር ማቢል የእግር ኳስ ሕይወት

ካኩማና ካሎቤየይ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ናይሮቢ የምትኖሩ፣ ባሕር ተሻግራችሁ አዴሌድና ሚኒሶታ የገባችሁ ዘመዶቼ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ ታግሳችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጁን 13 ቀን 2022 ማታ፣ ኳታር፣ አል ራያን። አውስትራሊያና ፔሩ ለዓለም ዋንጫ ከቀሩት ሁለት ቦታዎች አንዷን ለመውሰድ 120 ደቂቃ ተጫውተው 0 ለ 0 ወጡ። የአውስትራሊያው አሰልጣኝ ለፍጹም ቅጣት ምት ብለው በመጨረሻው ደቂቃ በረኛ ቀየሩ። አውስትራሊያ ገና የመጀመሪያውን ምት አጣች። በኋላ ፔሩም አንዱን ከቋሚው ብረት ጋር አላተመች። አምስት አምስት መትተው 4 ለ 4 ሆኑ። ስድስተኛውን ለመምታት ከመሃል ሜዳ የተነሳው ተቀይሮ የገባ የ26 ዓመት የመስመር አጥቂ ነበር፤ አወር ማቢል ይባላል። መታ፤ ገባ። ቀጥሎ የፔሩው ቫሌራ የመታውን አዲሱ በረኛ ሬድሜይን መለሰው፤ አውስትራሊያም ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች።

ከጨዋታው በኋላ ማቢል ለጋዜጠኞች የተናገረውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። የተወለደው ትንሽ ጎጆ ውስጥ እንደሆነ፣ ያረፈበት የሆቴል ክፍል ከዚያ ጎጆ እንደሚሰፋ፣ ያቺ ግብ በቤተሰቡ ስም ለአውስትራሊያ የቀረበች ምስጋና እንደሆነች ነበር የተናገረው። ያ ጎጆ የነበረው እዚሁ ካኩማ ነው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1995 ነው የተወለደው።

የማስተምራቸው የፎርም ቱ ልጆች ያቺን ምት በቃላቸው ያውቋታል፤ ስንት እርምጃ ተንደረደረ ብትሏቸው ይነግሯችኋል። ከ1995 እስከ 2022 ስላለው 27 ዓመት ስትጠይቋቸው ግን ዝም ይላሉ። በነሱ ቤት ልጁ ካኩማ ተወለደ፣ ኳስ ቻለ፣ ፈረንጅ አየውና ወሰደው፣ አለቀ። እንደ ታሪክ አስተማሪነቴ ይህ ያንገበግበኛል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። እንዲያ ነው ብሎ ማመን ደግሞ በዚህ ካምፕ ውስጥ ሰው ገንዘብ እያስከፈለ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከካኩማ እንጀምር። ብዙ ሰው ይህ ካምፕ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ይረሳዋል። በ1983 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከደቡብ የሸሹት ሰዎች የመጡት ወደ ጋምቤላ ነበር። ኢታንግ በ80ዎቹ መጨረሻ በዓለም ካሉ ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር። ፒኙዶ ደግሞ ያለ እናት ያለ አባት በእግራቸው የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንድ ልጆች የሰፈሩበት ነው። በ1991 ደርግ ሲወድቅ እነዚህ ሰዎች እንደገና ተሰደዱ። የጊሎን ወንዝ ሲሻገሩ ብዙ ልጅ በውኃ፣ በአዞና በጥይት አለቀ። የተረፉት ተመልሰው ሱዳን ገቡ፤ በ1992 ደግሞ ጦርነቱ እየገፋቸው በሎኪቾጊዮ በኩል ኬንያ ገቡ። ለነሱ ተብሎ በቱርካና በረሃ ላይ የተከፈተው ቦታ ነው ካኩማ። በዚያው ለውጥ ከአገራችን የወጡ የእኛ ሰዎችም ብዙ ሳይቆዩ መጡ። የኛ ሽማግሌዎችና የዲንካ ሽማግሌዎች በአንድ የውኃ ወረፋ ላይ ጄሪካን ደርድረው ያረጁት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

የማቢል እናት በኢትዮጵያ በኩል አልመጣችም። ካምፑ ከተከፈተ በኋላ ከዚያው ጦርነት ሸሽታ በቀጥታ ወደ ኬንያ ከገቡት ናት። ልጇን የወለደችው እነዚያ ከፒኙዶ የመጡ ልጆች ጎረምሳ ሆነው አቧራ ላይ ኳስ በሚጫወቱበት ካምፕ ውስጥ ነው። አወር ያደገው የነሱን ጨዋታ ዳር ቆሞ እያየ ነው ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም።

ልጅነቱን እኛ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ብዙ አልልም። በቀን አንዴ መብላት። ከላስቲክና ከጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ። ባዶ እግር። የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ቴሌቪዥን እስካለበት ድረስ በእግር መሄድና ከፍሎ መግባት። ካኩማ ዋን ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ልዩ የሚያደርገው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ እሱ ደግሞ ከኳስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

በ2006 ቤተሰቡ ለአውስትራሊያ ሪሴትልመንት ተፈቀደለትና አዴሌድ ገባ። ልጁ 10 ዓመቱ ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አሰልጣኝ አይቶት አልሄደም፤ ወኪልም አልፈረመለትም። የሄደው የእናቱ ፋይል ስላለቀ ነው። ኢንተርቪው፣ ሜዲካል፣ ወረፋ፣ ስም ዝርዝር ላይ መውጣት፤ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከዓለም ስደተኞች በየዓመቱ ይህ ዕድል የሚደርሰው ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የአሜሪካ በር ሲዘጋ፣ ትኬት ተቆርጦላቸው ዕቃቸውን ሸጠው የቀሩ ቤተሰቦች አሁንም መሃላችን ናቸው። እና ስለ ማቢል ሳስብ በመጀመሪያ የሚታየኝ ያቺ ሴት በወረፋ የቆመችበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ ከሱ የሚበልጥ ልጅ አልነበረም ያለው ማን ነው? ምናልባት ነበረ፤ ምናልባት አሁን ናይሮቢ ዕቃ ያወርዳል፣ ወይም ጁባ ቦዳ ቦዳ ይነዳል።

አዴሌድ መግባትም መጨረሻው አልነበረም። እንግሊዝኛው ገና ነው፤ ቆዳው ጥቁር ነው። የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ጎረቤት መጥቶ እንደመታው ራሱ ተናግሯል። ግን ሰፈሩ ውስጥ ክለብ አለ፣ በዕድሜ የተከፈለ ቡድን አለ፣ የሚመዘግብ አለ፣ ሣር አለ። ካኩማ የሌለው እሱ ነው። በ2013 መጀመሪያ፣ በ17 ዓመቱ፣ ለአዴሌድ ዩናይትድ በአውስትራሊያ ዋናው ሊግ ተጫወተ። በ2014 መጨረሻ ክለቡ የአገሪቱን የመጀመሪያውን የኤፍኤፍኤ ዋንጫ ሲያነሳ አብሮ ነበር። በ2015 የዴንማርኩ ሚድቲላንድ ገዛው።

ስለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ሰው ሲያወራ አልሰማም። ለኔ ግን ዋናው ክፍል ይህ ነው።

ሚድቲላንድ ሲደርስ ገና 20 ዓመት አልሞላውም። ሄርኒንግ የምትባል ብርዳም ከተማ፤ ቤተሰብ የለ፣ ቋንቋ የለ። ቦታ አጣ። በ2016 ለኤስቢያርግ በውሰት ሰጡት። ኤስቢያርግ በዚያው የውድድር ዓመት መጨረሻ ወደ ታች ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ለፖርቱጋሉ ፓሶስ ዴ ፌሬይራ በውሰት ሰጡት። ፓሶስም ወረደ! ሁለት ዓመት፣ ሁለት አገር፣ ሁለት የወረደ ቡድን። በውሰት የሚሄድ ተጫዋች ማለት ባለቤቱ ‹ለጊዜው አንፈልግህም› ያለው ሰው ነው። ተቀባዩም ‹ለጊዜው ነህ› ይለዋል። ስደተኛ ይህን ስሜት ለማወቅ ኳስ መጫወት አያስፈልገውም።

ከዚያ ተመለሰ። በ2018 ወደ ሚድቲላንድ ሲመለስ ግራና ቀኝ ክንፍ ላይ የሚፈለግ ሰው ሆነ። ፈጣን ነው፤ ኳስ ይዞ ሰው ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ከሁሉ በላይ ኳስ ሲያጣ መልሶ ይሮጣል። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ እነሱ ግን የሚለማመዱት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሚድቲላንድ በ2019 የዴንማርክን ዋንጫ፣ በ2020 ሊጉን ወሰደ። በመጸው ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ገቡና ሊቨርፑል፣ አያክስና አታላንታ ደረሷቸው። ያገኙት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከአታላንታ 1 ለ 1፣ ከሊቨርፑል 1 ለ 1። ሁለት ነጥብ ትንሽ ናት የሚል ካለ ሊቨርፑል ያኔ የእንግሊዝ ሻምፒዮን እንደነበር ያስታውስ።

ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ልግባ፤ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 አገር ሆነች፤ በሚቀጥለው ዓመትም የፊፋ አባል ሆነች። ማቢል ለወላጆቹ አገር መጫወት ይችል ነበር። ‹ለምን ለፈረንጅ?› ይላሉ ጎረቤቶቻችን፣ በተለይ ትልልቆቹ። የኔን ሐሳብ ልናገር? ልጁ የተወለደው ኬንያ ነው፤ ኬንያ ግን ዜጋዬ አላለችውም። የወላጆቹ አገር እሱ ሲወለድ በዚያ ስም በካርታ ላይ አልነበረችም። የመጀመሪያውን ፓስፖርት የሰጠው አውስትራሊያ ነው። ፓስፖርት ኖሮት የማያውቅ ሰው ያቺ ደብተር ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል። የሌላ አስተያየት ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍ፤ በጨዋ ቋንቋ ግን።

ደግሞም ያ ማልያ በነጻ የተሰጠ አልነበረም። በ2018 መጀመሪያ የአውስትራሊያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ፒተር ደተን የሜልበርን ሰው ‹በአፍሪካውያን ወሮበሎች› ምክንያት ማታ ምግብ ቤት መሄድ ፈርቷል ብለው ነበር። ጋዜጣው ሁሉ በደቡብ ሱዳን ልጆች ላይ ዘመተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15፣ ኩዌት ላይ፣ ማቢል ለአውስትራሊያ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ፤ ተቀይሮ ገብቶ አራተኛዋን ግብ አገባ። 4 ለ 0። በዚያችው ማታ የመጀመሪያውን ማልያ የለበሰ ሌላ ልጅም ነበር፤ ቶማስ ዴንግ፣ ናይሮቢ የተወለደ፣ ከማቢል ጋር አዴሌድ አብሮ ያደገ ጓደኛው። ሁለት የኬንያ ስደተኛ ልጆች፣ በአንድ ማታ። ለሚኒስትሩ ከዚህ የተሻለ መልስ በጋዜጣ የሚጻፍ አይመስለኝም።

ጃንዋሪ 2019 በኤሚሬትስ በተደረገው የእስያ ዋንጫ ፍልስጤምና ሶርያ ላይ አንዳንድ ግብ አስቆጠረ። በሩብ ፍጻሜ አውስትራሊያ በአዘጋጇ ተሸንፋ ወጣች። ጨዋታው ባለቀ በሰዓታት ውስጥ አዴሌድ ላይ ታናሽ እህቱ በመኪና አደጋ ሞተች። ገና 19 ዓመቷ ነበር። ልጆች በረሃብና በወባ ከሚሞቱበት ካምፕ በሕይወት የወጣች ልጅ፣ ሰላም አገር ገብታ በመኪና ሞተች። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን መርዶ በስልክ ሰምቷል፤ አስከሬን የማያዩበት፣ ድንኳን ርቆ የሚጣልበት ኀዘን። እሱ ግን ወደ ዴንማርክ ተመልሶ መጫወት ነበረበት፤ ተጫወተም። በዚያው ዓመት ነው የዴንማርክን ዋንጫ ያነሳው።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ እንደ ስደተኛ መንገድ ነው፤ በአጭሩ ልበለው። በ2022 መጀመሪያ በውሰት ወደ ቱርክ ካሲምፓሻ፣ በክረምቱ ወደ ስፔን ካዲዝ። ካዲዝ በላሊጋ ነበር፤ ብዙ አላጫወቱትም። በጃንዋሪ 2023 በውሰት ወደ ቼክ ሄደ፤ ስፓርታ ፕራግም በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ስዊዘርላንድ፣ ግራስሆፐር። በ2024 እንደገና ስፔን፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ካስቴዮን። በመሃሉ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ አለ፤ ከሱ ጋር ቶማስ ዴንግና ግብፅ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች የተወለደው ጋራንግ ኩኦል ነበሩ። ማቢል ያገኘው ደቂቃ ጥቂት ነው። ከአርጀንቲና ጋር በመጨረሻው ደቂቃ ኩኦል የመታትን ኳስ ማርቲኔዝ ባያድናት ኖሮ… ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ጮኸናል። በጃንዋሪ 2023 ማቢል የዓመቱ ወጣት አውስትራሊያዊ ተብሎ ተሸለመ።

አሁን ቅድም እመለስበታለሁ ወዳልኩት።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው በየሰፈሩ እየዞረ ‹አውሮፓ የኳስ ሙከራ አለ፤ የማቢልን መንገድ እንከፍትላችኋለን› እያለ ከወላጆች ገንዘብ ሰበሰበ። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከተማሪዎቼ የአንዱ እናት የባምባ ቻኩላ ሲም ካርዷን ለባለሱቅ አስይዛ ከፈለች። ከዚያ የሁለት ወር ምግብ በብድር ሆነ። ልጁ እስከ ሎድዋር እንኳ አልደረሰም።

ስለዚህ ሕጉን በአማርኛ ላስቀምጠው። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን ከአገር ወደ አገር ማዛወር በመሠረቱ ክልክል ነው። ጠባብ የሆኑ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፦ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ፣ ልጁ ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሰደድ፣ እና ጥቂት ሌሎች። ማቢል ኳሱን ከነአገሩ የቀየረው በመጀመሪያው ዓይነት መንገድ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ‹ክለብ ይፈልገዋል› ብሎ የሚመጣ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ ይዋሻል። ወኪልነት ከ2023 ጀምሮ ፈተና አልፎ ከፊፋ ፈቃድ የሚወሰድበት ሥራ ነው፤ ወኪል የሚያገኘው ተጫዋቹ ከሚፈርመው ውል በመቶኛ ነው። ኳስ ሳይመታ፣ ውል ሳይፈረም፣ በእጅ ሺሊንግ የሚቀበል ወኪል አይደለም። ደግሞስ እኛ ከካኩማ ለመውጣት እንኳ የመንቀሳቀሻ ወረቀት የምንጠይቅ ሰዎች ሆነን፣ ልጃችንን በየትኛው ሰነድ ነው ቤልጂየም የሚያስገባው? ይህን ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ ሲንተባተብ ታያላችሁ።

ሌላ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ተጫዋች በገንዘብ ከአገር አገር ሲሸጥ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ትናንሽ የመንደር ክለቦች በዚህ ሜዳ ይሠራሉ። ማቢል ግን ካኩማን የለቀቀው በ10 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ሒሳብ ካኩማ የለችም። እስከ 15 ዓመቱ እዚህ ቆይቶ ቢሆንስ? በፌዴሬሽን ያልተመዘገበ ቡድን መብቱን መጠየቅ አይችልም፤ የኛ ቡድኖች ደግሞ ማልያ እንጂ ምዝገባ የላቸውም። የስፖርት ኮሚቴው ወንድሞቼ ይህን አንብባችሁ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከዋንጫው መጠን በፊት የልጆቹን ስም፣ የልደት ቀንና የተጫወቱበትን ዓመት በአንድ መዝገብ ስለ መያዝ እንነጋገር። መዝገቡን እኔ እጽፋለሁ፤ ደብተሩም አለኝ።

ማቢል ራሱ በሕግ ያልመጣውን በእጁ አምጥቷል። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ‹ከባዶ እግር ወደ ታኬታ› የሚል ትርጉም ያለው ድርጅት አቋቁሞ፣ ታኬታና ማልያ ጭኖ ካኩማ ተመልሶ መጥቷል። ለሴቶችም አምጥቷል፤ ይህን የምለው የእኛ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ከሜዳ ስለሚያስቀሩ ነው። አንዳንዱ ታኬታ ዛሬም በእግር ላይ ነው፤ ሦስተኛ ባለቤት ላይ የደረሰም አይቻለሁ፣ ሶሉ በጎማ ተሰፍቶ።

አሁን 30 ዓመት ያለፈው ሰው ነው። የስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን በኛ ሰፈር የቪዲዮ ቤት አይታይም፤ የሚከፍልለት የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝ ነው። ፎርም ቱ ውስጥ ግን ስልክ ያለው አንድ ልጅ አለ፤ ካስቴዮን በተጫወተ ቁጥር ውጤቱን ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ጥግ ላይ በትንሹ ይጽፈዋል። እኔም ሰሌዳውን ስጠርግ እሷን እተዋታለሁ።